የባዶው ቱቦ ብርሃን

ጥር 19/1978፣ ሰኞ፣ ጠዋት 3፡30

ባዶው 40። ሁለተኛው 43፣ ሦስተኛው 39። ደህና። ቆጣሪው ዛሬ ጤነኛ ነው። ዱቄቱ ግን እያለቀ ነው፤ ወር ተኩል ቢያቆየን ነው። ለኃላፊዬ ለዶ/ር መስፍን ነገርኩት። ጽፈሽ አምጪ አለ። ጽፌ ሰጥቼው ነበር። እንደገና ጻፊ አለ። እሺ። የዚህ ላቦራቶሪ ሰው ሁሉ ጸሐፊ ሆኖ ይሞታል።

ጨለማ ክፍሉ ይቀዘቅዛል። ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ በር አያንኳኳም። ሁለት ሹራብ፣ በላዩ ጋዋን። ቱቦዎቹን ይዤ እገባለሁ፣ መብራት አጠፋለሁ፣ ዐሥር ደቂቃ ዝም ብዬ እቀመጣለሁ። ፀሐይ የነካው ቱቦ ለጥቂት ጊዜ ራሱ ስለሚያበራ ቆጣሪውን ያሳስታል፤ እስኪጨልም መጠበቅ ነው። ዐሥር ደቂቃ ከራስ ጋር መቀመጥ ረጅም ነው። ከበሩ ኋላ፣ ምስማሩ ላይ፣ ሥራ ያስተማረኝ የንጉሤ ጋዋን አሁንም ተንጠልጥሏል። ስምንት ዓመቱ። ማንም አያወርደውም። እኔም አላወርደውም።

ረቡዕ እንግዶች ይመጣሉ። የፖለቲካ ኃላፊያችን ጓድ በላይ ማሽኑን በአጭሩ አስረጂ ብሎኛል። በአጭሩ ማለት አጨብጭበው ቶሎ የሚወጡበት ማለት ነው። እስቲ ስማኝ፣ ደብተሬ፦

ጓዶች፣ ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ፣ ጀርምም ቢሆን፣ በውስጡ ጥቂት ጉልበት ይይዛል። ይህ ዱቄት ጭራው ከሚያበራ ጢንዚዛ የወጣ ነው፤ ያንን ጉልበት ሲያገኝ ያበራል። ብርሃኑን ዓይን አያየውም፣ ቆጣሪው ግን ይቆጥረዋል። በግቢያችን የሚሞላውን ግሉኮስ አሳድረን፣ በተጣራ ውሃ አቅጥነን፣ ዱቄቱን እንጨምራለን። ጀርም ካለ ቁጥሩ ይወጣል። ድሮ ዐሥራ አራት ቀን እንጠብቅ የነበረውን ዛሬ በማግስቱ እናውቃለን። ባዶው የምንለው የተጣራ ውሃና ዱቄት ብቻ ያለበት ቱቦ ነው። ከእያንዳንዱ ቁጥር ላይ የባዶው ይቀነሳል። ባዶው ከመቶ ካለፈ ሥራ ይቆማል፣ ለኃላፊ ይነገራል።

እንዴት ነው? ነፍስ የሚለው ቃል አልገባም። በላይ አይወደውም።

ጥር 21፣ ረቡዕ፣ ከቀኑ 11፡00

እንግዶቹ መጡ፣ አጨበጨቡ፣ ሄዱ። አንዱ ብርሃኑን አሳዪኝ አለ። አይታይም አልኩት። የማይታይ ከሆነ መኖሩን በምን አወቅሽ አለ። ቁጥሩን አሳየሁት። ቅር ብሎት ወጣ።

እትዬ አስካለ ዛሬ አረፈዱ። ዕቃ አጣቢያችን ናቸው፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ይህ ቤት የቆሸሸበትን ቱቦ ሁሉ ያጠቡ። ጡረታቸው ሐምሌ ላይ ነው። ከቀጨኔ ሳይነጋ ተነሥተው፣ በእግራቸው እንጦጦ ማርያም ወጥተው፣ ተጠምቀው መጡ። የነጠላቸው ጫፍ ገና ርጥብ ነው። በላይ በር ላይ ጠብቆ ተቆጣቸው፣ ዛሬ የሥራ ቀን ነው እያለ። እሳቸው፦ “አስተርእዮን ሳልሳለም ውዬ አላውቅም፤ ከደመወዜ ቁረጥና ተወኝ” አሉት። አልቆረጠም።

ጠበሉን የያዙት በአሮጌ የግሉኮስ ጠርሙስ ነው፣ በቡሽ ተወትፎ። ሁልጊዜ እንደሚያደርጉት ለእኔም ጋበዙኝ፤ እኔም ሁልጊዜ እንደማደርገው አመስግኜ መለስኩላቸው። ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ለጴንጤ አይሠራም ብላ ከልክላሽ ነው እመቤቴ፣ ብለው ሳቁብኝ። ሳቅሁ። ቃሉን በሹክሹክታ የሚሉልኝ እሳቸው ብቻ ናቸው። ማኅደሬ ላይ በቀይ እስክሪብቶ የሰፈረውን ቃል እሳቸው ቀልድ ያደርጉታል። ጸሎት ቤታችን ከተቆለፈ ስንት ጊዜው። የምንሰበሰበው ሰው ቤት ነው፤ መዝሙሩን አፋችንን ዘግተን እናንጎራጉራለን።

ጥር 22፣ ሐሙስ፣ ከቀኑ 6፡30

912።

ባዶው ነው። ላንተ ጻፍኩት። መዝገቡ ላይ የጻፍኩት 40 ነው።

የግሉኮሱ ቱቦዎች 951፣ 938፣ 960። አርባ ሲቀነስ ሁሉም ዘጠኝ መቶ ገደማ ነው። ጀርም አለበት። ፈረምኩ። ይህ ሦስተኛው ምድብ ነው።

ወደ ኋላ ገለጥኩህ። ኅዳር 23፣ ባዶው 880፤ መዝገቡ ላይ 41 ብያለሁ። ታኅሣሥ 22፣ 905፤ መዝገቡ ላይ 40። እውነቱን የምናውቀው እኔና አንተ ነን። ለምን እንደዋሸሁ ኅዳር ላይ ጽፌልህ ነበር፤ አሁን ሳነበው ያሳፍራል። ፈራሁ፣ ይላል። ከዚያ ሌላ ምንም አይልም።

በግልጽ ልንገርህ። ንጹሕ ውሃ ውስጥ ሕይወት የለም። ኅዳር ላይ ጨለማው ውስጥ ተቀምጬ ያ ቁጥር ሲወጣ፣ ከበሩ በኩል ልብስ ሲንሿሿ የሰማሁ መሰለኝ። ቀና አላልኩም። አንድ ነገር ብቻ ነው የመጣልኝ፦ ንጉሤ ነው። ዶ/ር መስፍን ጋ ሄጄ ምን ልበል? ባዶ ቱቦ ውስጥ ሰው አለ ልበል? ወይስ በእኔ እጅ ያለው ውድ ማሽን ተበላሽቷል ልበል፣ ማኅደሬ ላይ ያ ቀይ ቃል እያለ? የለመድኩትን ቁጥር ጻፍኩ። አንዴ ከጻፉት በኋላ ሁለተኛው ይቀላል።

ጥር 23፣ ዓርብ፣ ከቀኑ 10፡30

ዶ/ር መስፍን ወረቀቴን ሦስት ጊዜ አነበበ። ኅዳር የተሠራው ምድብ በድሮው መንገድ፣ ምግብ ባለበት ሳህን ላይ ዐሥራ አራት ቀን ተቀምጦ ምንም አላበቀለም፤ ታኅሣሥም እንደዚያው። ይህን አነሣሁለት። ብርሃኑ ሳህን ላይ የማይበቅለውንም ያያል አለኝ፣ መጽሔት ላይ አንብቧል። ልከራከር ይገባኝ ነበር። አልተከራከርኩም። ባዶው ስንት ነበር ብሎ ቢጠይቀኝስ?

መኪናዎቹ ግቢው ውስጥ ቆመዋል። ወደ ረሃብ መጠለያዎቹ የሚሄድ ግሉኮስ ነው የሚጠብቁት፤ እዚያ ሕፃናት በተቅማጥ እየደረቁ ነው። ሾፌሮቹ ጎማ ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ። በላይ በመሃላቸው ይመላለሳል። አንድ ጊዜ ስህተት ነው አለ፣ ሁለት ጊዜ ቸልተኝነት ነው፣ ሦስት ጊዜ አሻጥር ነው። ቁጥር ይወዳል እሱም።

ጥር 24፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ 8፡00

አቶ ከድርን ወሰዷቸው።

የግሉኮስ መሙያው ክፍል ኃላፊ ናቸው። ጠዋት 2፡00 ላይ፣ ከእነ ነጭ ቦቲያቸው። ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ አጣጥፈው ለረዳታቸው ሰጡ፤ በእኔ በኩል ሲያልፉ እንደ ወትሮው በጭንቅላታቸው ሰላም አሉኝ። ወረቀቱን የጻፍኩት እኔ መሆኔን ያውቃሉ። እንዲያም ሆኖ ሰላም አሉኝ።

ሳሙና ልገዛ ሽሮ ሜዳ ወጣሁ። ዋሽቼሃለሁ፤ ሳሙና አለኝ። ሚስታቸውን ዘይነባን ለማየት ነው። የጨርቅ ሱቃቸው ክፍት ነው፣ እሷ ግን ባንኮኒው ኋላ ቆማ ያንኑ አቡጀዲ ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች። አቅፋ ሳመችኝ። አንቺ እዚያው ነሽ ማርታዬ፣ እስቲ ምን አጠፋ ይላሉ፣ ብላ ጠየቀችኝ። ከድር እኮ እጁን ሳይታጠብ የገዛ ልጁን የማይነካ ሰው ነው አለች። አላውቅም አልኳት። አፌን ሞልቼ፣ አላውቅም።

ነገ ስንቅ ትወስዳለች። ሳህኑ ባዶ ሆኖ ከተመለሰ ሰውዬው አለ ማለት ነው። የዚህ ከተማ ሴት ሁሉ ይህን ንባብ ተምራለች። የንጉሤ እናት አራት ወር ሙሉ ባዶ ሳህን እየተቀበለች ስትደሰት ኖራ፣ አንድ ጠዋት ከእንግዲህ አታምጪ አሏት። ማልቀስም ተከለከለች።

ጥር 26፣ ሰኞ፣ ከቀኑ 6፡15

ሁሉም ምሳ ወጥቷል። ሞከርኩ። ቱቦዎቹን በጨርቅ ጠቅልዬ አንድ ሰዓት ሙሉ ጨለማ ውስጥ አስቀመጥኳቸው፤ የፀሐይ ብርሃን ከሆነ በዚያን ያህል ጊዜ ይጠፋል። ባዶው 894። አዲስ ቱቦ ከካርቶኑ፣ 897። ዱቄቱን ብቻ ያለ ውሃ አልሞከርኩም። ሐሳቡ መጥቶልኝ ነበር፤ ጭንቅላቴ አልሠራም። ጋዋኑን ነው የማየው።

አንድ ሰዓት ከእሱ ጋር ተቀመጥኩ። ልጻፈው፤ ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

በ69 ክረምት፣ እዚሁ ክፍል። እኔ አዲስ ተቀጣሪ፣ እሱ አስተማሪዬ። መብራቱን አጠፋ። አንድ ነጭ ዱቄት በጥብጦ ነበር። ጣቱን በመርፌ ወግቶ አንድ ጠብታ ጨመረበት። ሰማያዊ ብርሃን ወጣ፣ ፊቱ ከሥር በርቶ ታየኝ፣ ሳቁ ታየኝ፣ ጠፋ። “ደም አይደበቅም ማርታ” አለኝ። “አጥበሽው እንኳ ያበራል።”

በዓመቱ አዳራሹ ውስጥ ሰበሰቡን። እሱን ፊት ለፊት ወንበር ላይ አስቀመጡት። የሕዝብ ጠላት ነው የምትሉ እጅ አውጡ ተባለ። ስድሳ ሰው ነበርን። ከመጀመሪያዎቹ ጋር አላወጣሁም። ከመጨረሻዎቹም ጋር አላወጣሁም፤ ያን ጊዜ መዘግየት ራሱ ይታይ ነበር። ከመሃል ላይ አወጣሁ። እሱ እጆቹን በዓይኑ እያለፈ ይቆጥር ነበር፣ ሳህን ላይ ጀርም ሲቆጥር እንደሚያደርገው፣ ከግራ ወደ ቀኝ። እኔ ጋ ሲደርስ አላቆመም። ቆጥሮኝ አለፈ።

ከዚያ በኋላ ለብዙ ወራት፣ ጠዋት ወደ ሥራ ስወርድ የታጠበ አስፋልት አይ ነበር። ያ ዱቄት ይመጣብኛል። ቢረጩበት ከተማው በሙሉ ሰማያዊ ይሆን ነበር እላለሁ። አሁንም ርጥብ አስፋልት ረግጬ አልሄድም፤ ዞሬ ነው የማልፈው። ሰዎች ጫማዋን ትሳሳለታለች ይላሉ።

ጥር 28፣ ረቡዕ፣ ጠዋት 4፡10

የሦስተኛው ምድብ የጀርም ሳህኖች ስድስተኛ ቀናቸው። ንጹሕ ናቸው። አንድም ነቁጥ የለም። የአቶ ከድር ግሉኮስ ንጹሕ ነው፤ ዛሬ በዓይኔ አምኜ እጽፋለሁ።

አንድ ነገር ሳስብ ነው ያደርኩት። ሳህኑ ላይ የምናፈሰው ግሉኮሱን እንዳለ ነው። ወደ ቆጣሪው የሚገባው ግን በተጣራ ውሃ የቀጠነው ነው። ሁለቱን የሚለየው ውሃው ብቻ ነው። ውሃውም ጨለማ ክፍሉ መደርደሪያ ላይ ካለው ከትልቁ ጠርሙስ ነው። ሁለት ወር ሙሉ ሙት ስጠራ ይህን አላየሁም! ንጉሤ ቢኖር በማስታወሻ ደብተር ጭንቅላቴን ይለኝ ነበር።

ከደም ምርመራ ክፍል በትንሽ ብልቃጥ ውሃ ለመንኩ። ባዶው 39።

ከእኛው ጠርሙስ፣ 901።

ሙት አይደለም። ውሃ ነው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ወንበሩ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም። አውቃለሁ። ስምንት ዓመት ሙሉ አንድ ነገር እንዲለኝ ስጠብቅ ኖሬ፣ ተናገረ ብዬ ነበር።

የዚያው ዕለት፣ ከቀኑ 11፡30

ቀኖቹን ደርድሬ አየሁ። ኅዳር 23፣ ታኅሣሥ 22፣ ጥር 22። ሁሌም ከሃያ አንድ ማግስት ወይም ሰንበት ካለፈ በኋላ። ጠርሙሱ በሁለት ሳምንት ተኩል ያልቃል፣ ይታጠባል፣ ይሞላል፣ ቁጥሩ ይወርዳል። ከዚያ ሃያ አንድ ይመጣል። ጴንጤ ብሆንም ሃያ አንድ የማን ቀን እንደሆነ የማላውቅ የጉለሌ ልጅ አይደለሁም።

ማጠቢያው ጋ ሄድኩ። እትዬ አስካለ ክርናቸው ድረስ አረፋ ውስጥ ናቸው። እትዬ፣ ጠበሉን የት ነው የሚያደርጉት አልኳቸው። ዞር ብለው አዩኝ፣ እጃቸውን በመቀነታቸው አደረቁ፤ አልካዱም።

የንጉሤ እናት ቀጨኔ ጎረቤታቸው ነበረች። ጥቅምት መጨረሻ ላይ ሞተች። እስክትሞት ድረስ በየወሩ ሃያ አንድ የልጇን አልጋ ጠበል ስትረጭ ኖራ፣ ስታጣጥር ለእሳቸው አደራ አለቻቸው፦ መቃብሩን አላሳዩኝም፣ ፍትሐት አልተደረገለትም፣ እንግዲህ የሠራበትን ቤት እንኳ ጠበል አስነኪልኝ። እሳቸውም አስነኩ። መጀመሪያ ወለሉን ሊረጩ አስበው በላይ ያየኛል ብለው ፈሩ። ስለዚህ ትልቁ ጠርሙስ ውስጥ በየወሩ አንድ አንድ ብርጭቆ ጨመሩበት። “ቱቦው ሁሉ የሚጠጣው ከሱ አይደል? ሁሉንም ይደርሳቸዋል ብዬ ነው፣ ልጄ” አሉኝ።

ከእንጦጦ ምንጭ የወጣ፣ በቡሽ የተወተፈ፣ አሮጌ ጠርሙስ ውስጥ የዋለ ውሃ። ጀርሙ ስንት ይሆን። ልነግራቸው ሞከርኩ። የእመቤቴ ውሃ ጀርም አለበት ልትዪኝ ነው ብለው በጥርጣሬ አዩኝ። አቶ ከድር በዚህ የተነሣ ነው የተወሰዱት ስላቸው ግን ማጠቢያው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። ከንፈራቸው ነጣ። ከዚያ ተነሥተው ጋዋናቸውን መፍታት ጀመሩ። ልሂድና ልንገራቸው፣ እኔ ነኝ ልበል አሉ።

ያዝኳቸው። ይቆዩ አልኳቸው። እስከ ነገ ይቆዩልኝ።

ጥር 29፣ ሐሙስ፣ ከቀኑ 7፡00

ያስቃል፣ ደብተሬ። በላይ ጠራኝ። ልመሰገን ነው! ቅዳሜ 3፡00 ጠቅላላ ስብሰባ አለ፤ የአሻጥሩን ጉዳይ ለሠራተኛው ያቀርባሉ። እኔ ተነሥቼ ቁጥሮቹን አነባለሁ፣ ከዚያ እጅ ይወጣል፣ ከዚያ ለነቃ ሠራተኛ ምስክር ወረቀት ይሰጠኛል። ከማኅደርሽ ላይ የሚነሣ ነገርም ሊኖር ይችላል አለኝ፣ ዓይኑን ጠቀስ አድርጎ። ቀዩን ቃል ማለቱ ነው። ሲወጣ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

እንግዲህ ያሉኝ መንገዶች። ዝም ብል አቶ ከድር ያልቃሉ። ስለ ጠበሉ ብናገር አቶ ከድር ይወጣሉ፣ እትዬ አስካለ ይገባሉ፤ ለአብዮቱ መድኃኒት ውስጥ ጀርም የጨመረች የአድኃሪ እምነት መሣሪያ ይሏቸዋል። ቃላቱ ተዘጋጅተው የተቀመጡ ናቸው፣ ስም ብቻ ነው የሚጎድላቸው። በዚያ ላይ ማን ላከሽ ይሏቸዋል፤ የአንድ ሙት እናት ይላሉ፤ የሱን ስም ሁለተኛ ጊዜ አዳራሽ ውስጥ ይጠሩታል።

ግን እውነቱስ ምንድን ነው? ውሃው ተበከለ፣ አዎ። ውሃ ይበከላል። ባዶው የተሠራው ለዚህ አይደል? ኅዳር 23 ቀን 880 ብዬ ብጽፍ ኖሮ ሥራው በዚያው ቀን ይቆም ነበር፣ ጠርሙሱ ይደፋ ነበር፣ ማንም ቦቲ እንዳደረገ ባልተወሰደ ነበር። ጥፋቱ ጠበሉ አይደለም። ጥፋቱ 40 ነው። የጻፍኩት እኔ ነኝ።



ጥር 30፣ ዓርብ፣ ከቀኑ 10፡00

ዘይነባ ጋ ሄድኩ። ስንቁ ዛሬ ሳይነካ ተመለሰ። ሩዙ እንዳለ፣ ክዳኑ ራሱ አልተከፈተም። ሰኞ ይዘሽ ነይ ብለዋታል። አታምጪ አላሉም፣ አለችኝ፤ ሰኞ ይዘሽ ነይ ነው ያሉት፣ አይደል ማርታዬ፣ ሰኞ ማለት አለ ማለት ነው አይደል? አዎ ነው አልኳት። ሳህኑን በእጄ ያዝኩት። ከበደኝ።

ሰኞ ሩቅ ነው። የጀርም ሳህኖቹ ዐሥራ አራት ቀን እስኪሞላቸው መጠበቅ እችል ነበር፣ ዶ/ር መስፍን ራሱ ይረዳዋል ብዬ። ሰበብ ነው። ከመሃል እጅ ማውጣት ነው።

ቤት ገብቼ ወረቀት አወጣሁ። ሦስቱን እውነተኛ ቁጥሮች ከአንተ ላይ ገለበጥኩ። 880፣ 905፣ 912። ሥሩ ላይ፦ ባዶው ከመቶ ማለፉን እያወቅሁ በመዝገብ ላይ የሐሰት ቁጥር ያሰፈርኩት እኔ ነኝ፤ የተጣራው ውሃ ጠርሙስ በእኔ ኃላፊነት ሥር ነው፤ የግሉኮሱ ምድቦች ንጹሕ ናቸው። ለምን ዋሸሽ ቢሉኝ ፈርቼ እላለሁ። ምንን ፈርተሽ ቢሉኝ እናንተን እላለሁ። ግማሹ እውነት ነው።

ሁለት ቅጂ ጻፍኩ። አንዱ ለዶ/ር መስፍን፣ እጁ ላይ፣ ፈርሞ እንዲቀበለኝ። ጽፈሽ አምጪ ማለት ይወድ የለ።

ማታ ጸሎት ላይ ከወንድሞችና እኅቶች ጋር ተቀመጥኩ። አልነገርኳቸውም። የማያውቁትን ማንም ሊያናግራቸው አይችልም። አፌን ዘግቼ አንጎራጎርኩ።

የካቲት 1፣ ቅዳሜ፣ ጠዋት 2፡20

ትልቁን ጠርሙስ ደፋሁት፣ አፈላሁት፣ ሞላሁት። ባዶው 38። የአቶ ከድር ግሉኮስ፣ በአዲሱ ውሃ፣ 42። 40። 41። መዝገቡ ላይ ያየሁትን ጻፍኩ። ዶ/ር መስፍን ወረቀቱን ተቀብሎ ፈረመ። ፊቱ አመድ መሰለ። ተቀመጪ እንኳ አላለኝም። ግን ፈረመ፤ ከዚያም፣ እኔ ሳልጠይቀው፣ መኪናዎቹ ዛሬውኑ ይጫኑ ብሎ ወደ ግምጃ ቤቱ ደወለ። ይህን አልረሳለትም።

ክፍሉ አሁን ባዶ ነው። የምር ባዶ። ዐሥሩን ደቂቃ ተቀመጥኩ፣ ምንም የለም፣ ጋዋኑም ጋዋን ነው።

አልቻልኩም። እትዬ አስካለ ድፊልኝ ብለው የሰጡኝ ጠርሙስ እዚህ ነው፣ ከሥሩ ሁለት ጣት ያህል ጠበል ቀርቶታል። ንጹሕ ቱቦ ወሰድኩ። አንድ ጠብታ። ዱቄቱን ጨመርኩ። ወንድሞች ቢሰሙ ይገሥጹኛል፤ እኛ ለሞተ አንጸልይም። አልጸለይኩም። ቁልፉን ተጫንኩ፣ ቆጣሪው ዐሥር ሰከንድ ይቆጥራል። ዐሥሩን ሰከንድ ድምፄን አውጥቼ ተናገርኩ፦ ንጉሤ፣ እኔም እጄን አውጥቼ ነበር።

2140።

ጀርም ነው። አውቃለሁ። ላንተ ግን እንዳለ ጻፍኩልህ።

ከዚያ ጋዋኑን ከምስማሩ አወረድኩት። አጣጠፍኩት። ከአንገቱ በኩል በቀለም የተጻፈው ስሙ አሁንም ይነበባል። ለእትዬ አስካለ ሰጠኋቸው፤ የእናቱ መቃብር ጋ ይቀብሩታል። ቢያንስ አንድ ነገሩ አፈር ያገኛል።

አንተንም እሳቸው ወስደው ይደብቁሃል። ቀጨኔ፣ አልጋቸው ሥር፣ ያልተሸጠ ትልቅ እንስራ አለ አሉኝ። የመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀት አላቸው፣ ግን የእኔን ጽሕፈት አያነቡትም፤ ዶ/ር መስፍንም በግድ ነው። ምንም እንዳይናገሩ በእመቤቴ አስምያቸዋለሁ። በእመቤታቸው።

2፡50። አዳራሹ እየሞላ ነው፣ ወንበር ሲጎተት ይሰማል። በላይ በሩን አንኳኳ። ጓድ ማርታ ሰው እየጠበቀ ነው አለ፣ ድምፁ ደስ ብሎታል። መጣሁ አልኩት። እትዬ አስካለ ነጠላቸውን ዘርግተው ቆመዋል፣ አንተን ሊሸፍኑ። ዛሬ እጅ ሲባል አልጠብቅም። ሳይባል አወጣለሁ፣ ከሁሉም በፊት፣ ከዚያ ስሜን…